ትልቅ አንድ

ጥቅምት 4
እኔ ኃጢአተኛዋ በፈቃዴ እናዘዛለሁ፦ ፊደሌን እንዲህ ያሳነስኩት አባዬ እንዳያነበው ነው። ትናንት ደብተሬን አንስቶ አርቆ አየ፣ አቅርቦ አየ... "ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ ጉንዳን የሄደበት?" ጉንዳን ነው አባዬ።

ጥቅምት 7
ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ፣ አባዬ ላቦራቶሪ። ማይክሮስኮፕ የሚያየው አፉን ከፍቶ ነው። ለምን ይሆን? "ደብዝዟል፤ ሌንሱ አርጅቷል" ይላል። ማን ነው ያረጀው?
"አጉላው ታዲያ" አልኩት።
"አንቺ ቁንጫ! ማጉላትና መለየት አንድ ነው? ሁለት ነገር ተጠጋግቶ አንድ ከመሰለሽ፣ ብታጎዪው ትልቅ አንድ ነው የሚሆነው።"
የሽማግሌ ፍልስፍና። ግን ገባኝ።

ጥቅምት 9
ሌንሱን ወለወለ። ደም የተቀባበት ስላይድ ላይ ዘይት ጠብ አደረገ። መብራቱ ላይ ሰማያዊ መስታወት ገጠመ። "ሰማያዊ ብርሃን የተጠጋጋውን ይለያል።" እኔ ሳይ... ወይ ጉድ! ቅድም አንድ የመሰለኝ ነጥብ ሁለት ሆነ። እሱ ሲያይ፦ "ጭራሽ ጨለመ።"
ለእኔ ጠርቶ ለእሱ እንዴት ይጨልማል?

ጥቅምት 10
ተንኮል ሠራሁ። ሁለት ፀጉሬን አጠጋግቼ መስታወት ላይ አስቀመጥኩለት። "ስንት ነው?"
"አንድ። ወፍራም ነው። የፈረስ ነው እንዴ?"
ልስቅ ነበር... አልሳቅኩም። ጠዋት የአንድ ሕፃን ደም አይቶ "ወባ የለም" ብሎ ፈርሟል። ብናገር ሥራው... ዝም ብልስ? ልጁስ?

ጥቅምት 11
ነገርኩት። "አባዬ፣ ሌንሱ ደህና ነው። ዓይንህ ነው።"
መብራቱን አጠፋ። መልሶ አበራ። "የትናንቱን ልጅ ስላይድ አውጪ። ተረኛዋን ሐኪም ጥሪያት።"
ተረኛዋ አየች። ወባ አለ። መድኃኒት ይዛ ወደ ልጁ ቤት ሮጠች። አባዬ መዝገቡ ላይ ፊርማውን ሰርዞ "ተሳስቻለሁ" ብሎ ጻፈ። መስመሩን ስቶ። እጁን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኩት። ደረጃው ጋ እኔ ነኝ የቆጠርኩለት።

ጥቅምት 15
ልጁ ትኩሳቱ ለቀቀው። አባዬ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ታኅሣሥ 20
ለካ የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ከሁለቱም ዓይኑ ወጣለት። ዛሬ የመጨረሻው ፋሻ ተፈታ። መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ "ሰማዩ እንዲህ ሰማያዊ ነበር እንዴ?" አለ።
ነገ ሥራ ይገባል። ያው አፉን እንደ ጉማሬ ከፍቶ... ማነው ከኋላዬ የሚተነፍሰው?
"'እንደ... ጉ-ማ-ሬ'? አንቺ ቁንጫ!"