የተዘለለው ቃል

ጥቅምት 4
የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላታችን የመጨረሻ እርማት ደረሰኝ። የኤል ፊደል። ከሰዓቱን በሙሉ እሱው ላይ። አንገቴ ደርቋል፣ ሌላ ሁሉ ሰላም።

ጥቅምት 5
አንድ ቃል የለም! ሊምፕ። እያነከሱ መሄድ ማለት ነው። ሊሙዚን እንኳን ገብቷል... አጠገቤ የምትቀመጠውን አራሚ ጠየቅኳት። "እኔ እንጃ፣ ጋሼን ጠይቂያቸው" አለችና ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቀለች። ያኔ ገባኝ። የዘለሉት ለኔ ብለው ነው። ለግራ እግሬ።

ይሉኝታ ቃል ይበላል እንዴ?

ጥቅምት 6
ጋሼ ዘንድ ገባሁ፤ ዋና አዘጋጃችን ናቸው። እንደልማዳቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ አንቺ እያለሽ ማን ደፍሮ ለቃሉ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ? ይቅር። አንድ ቃል ቢቀር መጽሐፉ አይጎድልም።"

"ይጎድላል" አልኩ። ተናድጄ ነበር። "እኔ እጽፈዋለሁ።"

ማተሚያ ቤት ሳይገባ ካደረስኩ ይሁን አሉ።

ጥቅምት 7
ለእናቴ ነገርኳት። "እሷን ቃል እኔ ቤት እንዳታነሺ!" ድስቱን ከደነችው። ልጅ ሆኜ "አንካሳ" እያሉ ሲሰድቡኝ ሰምታለች፤ ከዚያ ወዲህ ማንከስ የሚባል ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ለእንግዳ "ቀስ ብላ ነው የምትሄድ" ነበር የምትለው። ቀስ? እኔ? ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ጥቅምት 8
ትርጉሙ አላስቸገረኝም። አንዱ እግር ሲጎዳ ወይም ሲያም፣ ሌላው ላይ እየተደገፉ መራመድ። ለሰውም ለእንስሳም ይሆናል። አካሄድን ይናገራል እንጂ ለሰው ስም አያወጣም። አንካሳ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።

ያስቸገረኝ ምሳሌው ነው። የድሮዎቹን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ... የሚያነክሰው ሁሉ ወታደርና ውሻ፣ ውሻና ወታደር። ምነው፣ ሥራ የሚገባ ሰው አያነክስም?

ጥቅምት 10
እኛ ዘንድ ሰው ፊት ያልተነበበ ምሳሌ አይታተምም። ጋሼ ጮክ ብለው አነበቡት፦ "እያነከሰች ደረጃውን ወጣች፤ ቢሮውንም እንደ ሁልጊዜው ከሁሉ ቀድማ ከፈተችው።"

አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ።

"ውሸት!" አለች አራሚዋ። "ዛሬ የከፈትኩት እኔ ነኝ!"

ጋሼ ሳይቀሩ ሳቁ። ገባ። ቃሉ ገባ!

ጥቅምት 11
እናቴ ምሳሌውን እንዳነብላት ራሷ ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። ሽንኩርት መላጧን አላቆመችም።

"ደረጃ ላይማ ብሶብሻል፤ በጣም ነው የምታነክሺው" አለች በመጨረሻ። ቀጥላም፦ "ያምሻል እንዴ?"

ይህን ሁሉ ዘመን ጠይቃኝ አታውቅም።

"ሲበርድ" አልኳት።