የዳማ አራተኛ ዙር

አባዬ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብለው አስተምረውናል። አንተ ግን ካረፍክ ዓመት ከሳምንት ሆነህ፤ ስለ ጤንነትህ ብጠይቅህ ትስቅብኛለህ። ይልቅ የእኛን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ እኔ ደህና ነኝ፤ ዳማም ደህና ናት። አዎ፣ ዳማ! ማኪናህ!

ከትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ደብዳቤ «እርስዎ» እያልኩ ብጽፍልህ «ይህ የማን ልጅ ነው? የኔው አንተ ይለኝ ነበር» ብለህ እንደላክብኝ አልረሳሁም። ስለዚህ ዛሬም አንተ ነው የምልህ።

አንተ ከተለየኸን ወዲህ ዳማ ግቢው ጥግ ቆማ ከረመች። ጭነቷ አቧራ ብቻ ሆነ፤ ዶሮዎቹ ከመሪው ሥር እንቁላል ይጥሉባት ጀመር። እማዬ ባየቻት ቁጥር እንባዋ ይመጣል። በኋላ ከአይከል አንድ ብረት ነጋዴ ተገኘ፤ አፍርሶ ለማረሻ ሊያደርጋት። የመካኒክነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከአዲስ አበባ ስመጣ እማዬ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ቁርጡን ነገረችኝ፦ «እስከ አባትህ ሙት ዓመት ከተነሳች ተነሳች። ካልሆነ ሰውዬው ይውሰዳት፤ ሁለት ሐዘን አልችልም።»

በሽታዋን አንተም ታውቀው ነበር። የሞተሯን የታችኛውን ዘንግ ከላይኛው ጋር አያይዞ የነዳጁን መግቢያና የጭሱን መውጫ ቫልቮላዎች በሰዓታቸው የሚያስከፍታቸውና የሚያስዘጋቸው የካቴናው ሰንሰለት አርጅቶ ረዝሟል። ስትነሳ እንደ ጸናጽል ትንሿሿ የነበረው ለዚያ ነው። ኋላማ ጥርስ ዘለለና ጭራሽ እምቢ አለች። አዲስ ካቴና ከአስመራ በአውቶቡስ አስመጣሁ። አስተማሪያችን፣ አሁን አሁን አንዳንድ አዳዲስ ማኪና በካቴና ፈንታ ቀበቶ መሳይ የጎማ ቺንጋ ይዞ እየወጣ ነው ብሎናል። ብትሰማ «ጎማ ለቫልቮላ? አይጥ ይበላዋል!» ትል ነበር።

ሥራውን ከአያ ጓንጉል ጋር ጀመርን። ያን ሁሉ ዘመን ከጎንህ ያልተለየው ረዳትህ አሁንም ያው ነው፤ ብሎን በጥርሱ ይዞ ያወራል። እኔ መጽሐፌን መከላከያው ላይ ዘርግቼ የታችኛውንና የላይኛውን ጥርሳም ብረት የምልክት ነጥብ ፊት ለፊት አገናኘሁ፤ ካቴናውን አለበስኩ። ሽፋኑን ከማሰር በፊት ግን ሞተሩ በእጅ ዞሮ ይታያል። ነጥቦቹ ተመልሰው ካልተገናኙ ፒስቶኑ ቫልቮላውን ይመታዋል፤ ያን ጊዜ ዳማን የአይከሉ ሰው ብቻ ነው የሚፈልጋት።

ትልቁን ቁልፍ ለአያ ጓንጉል ሰጥቼ «ሙሉ አዙርልኝ» አልኩና እኔ ከላይ የቫልቮላዎቹን ከፍ ዝቅ እመለከት ጀመር። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አዞረ። ወርጄ ሳይ የታችኛው ነጥብ በቦታው አለ፤ የላይኛው ግን ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሯል! ደነገጥኩ። ፈታሁ፤ እንደገና አገናኘሁ፤ አሰርኩ። አያ ጓንጉል አዞረ። ያው ወደ ሰማይ። እንደገና ስፈታ አላስችል አለው፦ «አዲስ አበባ ያስተማሩህ መፍታት ነው እንዴ? ማሰሩ በስንተኛው ዓመት ነው?»

አልሳቅኩም፣ አባዬ። ሙት ዓመትህ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ነጋዴውም ቀኑ ሳይደርስ ገና በበነጋው ሊመጣ ነው። መጽሐፉን ገለጥኩ፣ ጥርሶቹን ቆጠርኩ፣ የአስመራውን ሻጭ በሆዴ ረገምኩ። መልሼ ካሰርኩ በኋላ ሲዞር አሁንም ያው። የእጅ ውኃ ይዛ የመጣችው እማዬ አያ ጓንጉል ሲያዞር አይታ ኖሮ ጎንበስ አለች። «ምነው፣ የእመቤታችንን ዙር ረሳችሁት?» አለች።

«የምን ዙር?»

«አባትህ ሦስቱ ለሥላሴ፣ አንዱ ለእመቤታችን ይል አልነበር?»

ወደ አያ ጓንጉል ዞርኩ። «ስንት ነው ያዞርከው?»

«ሦስት ነዋ! ሥላሴን አጉድዬ ማኪና ላስነሳ?»

«አራተኛውስ?»

ብሎኑን ከአፉ አወጣ። «አራተኛው የአባትህ ነበር። እኔ በእሱ ዙር ምን ቤት ነኝ? ይኸው አንተ ትቀበለኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነው የዋልኩ።»

ቁልፉን ተቀብዬ አንድ ጊዜ አዞርኩ። የላይኛው ነጥብ ቀስ እያለ ወርዶ ከታችኛው ጋር ፊት ለፊት ቆመ። ለካ መጀመሪያውኑ ስህተት አልነበረም! የታችኛው ሁለት ሲዞር የላይኛው አንድ ነው፤ ሦስት ላይ ካቆምከው የግድ ተገልብጦ ይገኛል። ይህን እኔ በፈተና ጽፌ ሙሉ አግኝቼበታለሁ። ያዞረውን ሰው ስንት አዞርክ ብሎ መጠየቅ ግን አልመጣልኝም።

በክረምት ዕረፍት «አባዬ፣ መጽሐፉ ሁለት ዙር ይበቃል ይላል፤ አራት ጉልበት ማባከን ነው» ብዬህ ነበር። አንተ እጅህን በጨርቅ እየጠረግህ ሳቅህ እንጂ አልመለስክልኝም። አሁን ገባኝ። ከብረቱም አልተጣላህም፣ ከአያ ጓንጉልም። ሥላሴን ሳትቀንስበት አንድ ጨምረህ ሁለቱንም አስማማሃቸው። እንዲህ ያለውን ነገር በየትኛው ክፍል እንደሚያስተምሩት እንጃ፤ እኔ አልደረስኩበትም።

በማግስቱ ነጋዴው መዶሻውን ታጥቆ ሲደርስ ባትሪው ሞቶብን ነበር። አያ ጓንጉል «ሸጋ ጉልበት አለህ፣ ና ግፋ» አለውና ዳማን ሊያፈርሳት የመጣው ሰው ገፍቶ አስነሳት! ጸናጽሏ ጠፍቷል፤ እንደ ድመት ነው የምታንኮራፋው። እማዬ አለቀሰች፤ ግን እየሳቀች። በሙት ዓመትህ ዋዜማ ከማክሰኝት ዘመዶቹን ያመጣናቸው በራስህ ማኪና ነው። ነጋዴውም አብሮ በላ፤ ማረሻውን ከሌላ ብረት ይፈልግ።

እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ቁጭ ማለት አልችልም። ከመስከረም በኋላ ወደ ዳባት እህልና ሰው መጫን አስቤያለሁ፤ አያ ጓንጉል ከአሁኑ ከላይ የሚቀመጥበትን እየመረጠ ነው። ቀጥሎ ምናልባት ሁለተኛ ማኪና፤ ምናልባትም የጎማ ቺንጋ ያለው። አትቆጣ!

ካቴናም ሆነ ጎማ፣ ሽፋኑ ከመታሰሩ በፊት አያ ጓንጉል ሦስቱን ያዞራል፤ ቁልፉን ያቀብለኛል። መጽሐፉ ሁለት ይበቃል ይበል። አራተኛውን እኔ አዞራለሁ፣ አባዬ፤ ባዞርኩ ቁጥርም አንተን አስባለሁ።

ልጅህ