የእቴቴ የቅዳሜ ፊልሞች

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

እኔ ራኬብ ዋቅጋሪ፣ ዕድሜ አሥራ ስድስት፣ አድራሻ ጉለሌ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አእምሮዬም ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ለአያቴ ለእቴቴ "የፍቅር ፊልም ነው" ብዬ የከፈትኩት ፊልም የፍቅር አልነበረም። ሬሳ ከመቃብር እየተነሳ ሰው የሚበላበት ነበር። አምላክ ይቅር ይበለኝ። ግን አምስት ቅዳሜ ሙሉ አልቃሻ ሴቶች ሳይ ከርሜያለሁ... እኔስ ሰው አይደለሁም?

ጥፋቱ የእቴቴም ነው። አምና ሐኪሙ የዓይን ግፊት አለብዎት፣ እይታዎ ቀስ በቀስ እየጠበበ ሊሄድ ይችላል ሲላት ሌላ አሮጊት ብትሆን ስለት ትሳል ነበር። እሷ ቴሌቪዥኑ ወደ ክፍሏ እንዲገባ አዘዘች። ሳይጨልምባት የዓለምን ፊልም በየዓይነቱ ማየት አለባት። የህንዱን፣ የቻይናውን፣ የካውቦዩን፣ እሷ ሳትወለድ የተሠራውን፣ አምና የወጣውን። መራጭ ተደርጌ የተሾምኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ሸጎሌ፣ ፊልም የሚጭነው ኦልያድ ሱቅ ሄጄ ፍላሽ ላይ አስጭኜ እመጣለሁ።

ዛሬ ታዲያ እንደ ልማዷ ጆሮዋን በመዳፏ ደግፋ ተቀመጠች። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

"እነዚህ ሰዎች ሞተዋል አይደል?"

እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት።

"ሰው ሊጮህ ሲል መጀመሪያ አየር ይስባል። እነዚህ አልሳቡም።"

ፊልሙን እስከ መጨረሻው ጨረሰችው። ወደደችውም። ቅጣቴን እየጠበቅኩ ነው።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ሦስቴ ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት። እውነቷን ነው። አይስቡም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

የኮሪያ ወንጀል ፊልም። ጋሽ ስብሐትም መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ በየሳምንቱ የራሳቸውን ትራስ በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። ፊልም ሲያዩ ሥራቸው ሁለት ነው፦ ገዳዩን ማወቅና መተኛት። ዛሬ መጀመሪያ ሐኪሙን ከሰሱ። ቀጥሎ ሾፌሩን። ከዚያ አንኮራፉ። ሲነቁ "አላልኩም?" አሉ። ምን እንዳሉ ግን እኛም እሳቸውም አናውቅም።

መሃል ላይ ሁለቱ ተሳሳሙ። ረዘመ። ጋሽ ስብሐት ኮርኒሱን መመርመር ጀመሩ። እቴቴ በዚያ በድሮ የስልክ ኦፕሬተር ድምፅዋ "ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፤ እባክዎን ይጨርሱ" አለች። ሳቄ በአፍንጫዬ ወጣ።

ግን መጻፍ የፈለግኩት ይሄን አይደለም። ፊልሙ ገና ሲሦው ሳይሄድ እቴቴ "ገዳይዋ ያቺ ለስላሳዋ ናት" አለች። የሟች እህት! ከለቅሶ በቀር ሥራ የሌላት! እኔና ጋሽ ስብሐት ሳቅንባት። መጨረሻ ላይ... እሷው ሆና ተገኘች። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ኮሪያኛ አትችል፣ እንግሊዝኛውን ጽሑፍ አታነብ። ከምን አመጣችው?

"የምር የምታለቅስ ሴት ቃሉ መሃል ላይ ይቆረጥባታል። ይቺ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሳ ነው የምታለቅሰው" አለችኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ለእሷ ዋሽቼ አላለቅስም። አያዋጣም።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ፊልም ለምን እንዲህ እንደራባት ጠየቅኳት። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርታለች። ጓደኞቿ ሲኒማ ሲገቡ የእሷ ፈረቃ ይጀምራል። ሰዉ ከሲኒማ ሲወጣ ለጅማ ይደውላል፣ ለደሴ ይደውላል፣ ያየውን ፊልም ለእጮኛው ይተርካል። ማዳመጥ ደግሞ ክልክል ነው።

"አላዳመጥኩም" አለች። "ጆሮዬ ነው የሰማው።"

ታዲያ የሩቅ ጥሪ ሦስት ደቂቃ ነው። ታሪኩ እየጣፈጠ፣ ልጅቷ በሩን ልትከፍት ስትል... መቁረጥ አለባት። በገዛ እጇ! መጀመሪያውን ብቻ የምታውቀው ስንት ፊልም እንዳለ ቆጥራ አትጨርሰውም።

እኔ አሰልቺ ፊልም ሲገጥመኝ በሁለት ጣት አሳልፋለሁ። ዛሬ አፈርኩ። ትንሽ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

እንዴት ልጻፈው?

ኦልያድን ከሁሉም የድሮውን ስጠኝ አልኩት። "ይሄን ማን ያየዋል?" እያለ መቶ ዓመት ያለፈው ፊልም ጫነልኝ። ጥቁርና ነጭ። ድምፅ የለውም። ሙዚቃ እንኳ የለውም። ጋሽ ስብሐት ለቅሶ ሄደዋል። እኔና እቴቴ ብቻ። የማላግጥበት ነገር እየፈለግኩ ጀመርኩት... ጠፋኝ። ፊቶቹ! አንዲት ሴት መስኮት ላይ በጣቷ ስም ስትጽፍ አየሁ። ይቺ ሴት ሞታለች። ፈረሱም፣ ውሻውም፣ ከኋላ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሞቷል። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ እኔ ጉለሌ ተቀምጬ አየኋት። አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ከዚያ በረዶ መዝነብ ጀመረ። ስክሪኑ ሙሉ ነጭ ሆነ፤ ክፍሉ በራ። ዞር ስል በረዶው እቴቴ መነጽር ላይ ይዘንባል። እንዴት ያምራል ልላት ስል፣

"መብራት ጠፋ እንዴ?" አለች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ግን የጠየቀችው ቁም ሣጥኑን ነበር። እኔ በሌላ በኩል ነኝ።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም... ሪሞቱን ተጫንኩና አጠፋሁት። "አዎ፣ ጠፋ" አልኳት።

ጆሮዋን ወደ በሩ አዞረች።

"ፍሪጁ እየሠራ ነው" አለች።

ጥቅምት 23፣ እሁድ

ቀኙ ዓይኗ ከነሐሴ ጀምሮ አያይም፤ ዛሬ ራሷ ነገረችኝ። በግራው ጥላ ጥላ ይታያታል። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ምንም። ምንም!

ታዲያ ሬሳዎቹስ? ኮሪያዊቷስ? ሁሉንም በጆሮዋ ነው ያየችው። እኔ ሁለት ዓይን ይዤ ከጋሽ ስብሐት ጋር የፊልሙን ሐኪም ጠርጥሬያለሁ።

አባዬ እንዳይሰማ አስምላኛለች። እሱ ካወቀ ከበር እንደማያስወጣት ነገረችኝ። እውነት ነው። አባዬ የሸጎሌ ሚኒባስ ነው የሚነዳው፤ ቤትም ሲገባ መሪውን አይለቅም። እኔ ሳል ሲይዘኝ እንኳ ሳምንት ከቤት አያስወጣኝም። እሷ ደግሞ በሰማንያ ዓመቷ የምትኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ብቻዋን ወጥታ ብቻዋን መግባቷ ነው። ሐኪሙ ለአባዬ እንዳይነግርባት ብላ ከጳጉሜ ወዲህ ቀጠሮዋን አልሄደችም።

ማርያምን አልናገርም አልኩ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ፋርማሲ ገብቼ "የአንዲት ጓደኛዬ አያት" ብዬ ጀመርኩ። ፋርማሲስቷ ፈገግ አለች፤ የጓደኛ አያት ለምዳለች መሰለኝ። የጠፋው አይመለስም አለችኝ። የዓይን ጠብታው የቀረውን ነው የሚጠብቀው። በየቀኑ ካልተደረገ የቀረውም ይሄዳል።

የእቴቴን የጠብታ ጠርሙስ አየሁት። ባዶ ነው። ስንት ቀን ሆነው?

እኔስ ዝም ካልኩ አራት ቀን።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

የመድኃኔ ዓለም ክብረ በዓል። እቴቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቀጨኔ ብቻዋን ሄደች። ከኋላዋ ተከተልኩ፤ እንዳታውቅብኝ ነጠላ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በካልሲ። ሰው እንደ እብድ ያየኛል።

እንደ ተአምር ነው የምትሄደው። ወፍጮ ቤቱን በድምፁ፣ ዳቦ ቤቱን በሽታው። ቁልቁለቱ ላይ ግንቡን በጣቷ ጫፍ ብቻ እየነካች። ለሚያልፈው ሰው ቀድማ በስሙ ሰላምታ ትሰጣለች፤ በእርምጃው ለይታ! ማንም አልጠረጠረም። እኔ ራሴ ልጠራጠር ትንሽ ቀረኝ፣ የምር ታይ ይሆን እንዴ ብዬ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ግን ትናንት ያልነበረ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ለቧንቧ። ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። አንድ እግሯ አየር ላይ ነበር። ጧፍ የምትሸጥ ሴት በነጠላዋ ጎትታ አስቀረቻት።

እቴቴ ሳቀች። "ሐሳብ ይዞኝ ነው" አለቻት።

እኔ አልሳቅሁም።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ነገርኩት።

አባዬ መኪናውን እያጠበ ነበር። ስፖንጁን እንደያዘ ቆመ፤ ውኃው እጁን ተከትሎ እጅጌው ውስጥ ገባ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህ ይሻል ነበር።

"እኔን ነው የፈራችው?" አለ።

ስፖንጁን ከእጁ ወሰድኩለት።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ሆስፒታል ዋልን። የግራው ዓይኗ ትንሽ እይታ አለው። ሐኪሙ እጁን ፊቷ ላይ ሲያወዛውዝ እቴቴ ታያለች፤ ስንት ጣት እንደሆነ ግን አትለይም። ጠብታው ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። ይቺ ትንሿ እንድትቆይ።

አባዬ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሳይከተላት እንዳትወጣ ወሰነ። ሰው ማለት እኔ። እቴቴ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፣ ለመስኮቱ፦

"ማርያምን ብላ ነበር እኮ።"

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ፊልም የለም። መስመሬ ተቆርጧል። እቴቴ የምትፈልገውን በጋሽ ስብሐት በኩል ነው የምታስተላልፍልኝ። ምሳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን "ለዚያች ልጅ ጨው ታቀብለኝ በላት" አለቻቸው። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ አምባሳደር፣ "ጨው እንድታቀብዪ ተጠይቀሻል" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሳምንት የምስቅበት ነበር።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ጠብታውን የማደርግላት እኔ ነኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ አባዬ ደግሞ ይፈራል። አትናገረኝም፤ ግን ስመጣ አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ዓይኗን ትከፍትልኛለች። ጎንበስ ስል ብሌኗ ውስጥ እኔን አያለሁ። ትንሽዬ፣ መስኮቱ ከኋላዬ፣ ጸጉሬ እንደተንጨባረረ። እኔ እዚያ ውስጥ አለሁ፤ እሷ ግን አታየኝም። ይሄን ምን ብለው ይጠሩታል?

አንድ ጠብታ። ትጨፍናለች። እወጣለሁ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠብታ አድርጌላት ልወጣ ስል ለግድግዳው ተናገረች።

"ዛሬ ምን ተመረጠ?"

ልቤ! የካውቦይ አለ አልኩ። የህንድ አለ፤ ዘፈኑ የሚያምር። ወሬ የሚበዛበትን ነበር የመረጥኩት፣ ብቻዋን እንድትከታተል።

"ድምፅ የሌለው የለም?"

"አለ... ግን እኮ እቴቴ..."

"ድምፁን አንቺ ስጪው። እንዳትቀንሺ፣ እንዳትጨምሪ።"

ኦልያድ ያኔ ድምፅ የሌለው ሁለት ነበር የሰጠኝ። ያላየነውን ከፈትኩት። ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ሚስቱ ባሕር ዳር ቆማ የምትጠብቀው። መጀመሪያ "ሰውየው ገባ፣ ሰውየው ወጣ" እያልኩ እንደ ስም ጠሪ አስተማሪ ሆንኩ። ጋሽ ስብሐት ከትራሳቸው ላይ "ይሄንንማ እኔም እችላለሁ" አሉ። ከዚያ ግን... ለሰው ስናገረው ነው መሰለኝ፣ ብቻዬን ቢሆን የማላየውን ማየት ጀመርኩ። ነፋሱ ሽርጧን ሲይዝና ሲለቅ። ደጃፉ ላይ የተገለበጠች የልጅ ጫማ። ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ሴትየዋ ትከሻዋን ስትሰበስብ። እየፈጠንኩ፣ ድምፄን እየቀነስኩ ሄድኩ። እቴቴ የእጄን አንጓ ያዘች። ጋሽ ስብሐት እንኳ አልተኙም። መጽሐፍ ቅዱስ የሚነበብ ነበር የሚመስለው።

መጨረሻው ደረሰ። ጀልባዋ ተመለሰች። ባዶዋን።

ሴትየዋ ቆማለች። ባሕሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። እሷ ቆማለች።

እቴቴ ወደ ፊት አዘንብላ፣ ከንፈሯን ከፈት አድርጋ ትጠብቃለች። ይሄን ያህል ዓመት መጨረሻ ስትጠብቅ የኖረች ሴት... አቃተኝ።

"እ... ጀልባዋ መጣች" አልኩ። "እሱም ወረደ። ሮጣ ሄዳ አቀፈችው። አለቀ።"

ጋሽ ስብሐት አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እግራቸውን ረገጥኩ። እቴቴ አንጓዬን እንደያዘች ፊቷን ቀስ አድርጋ ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ፣ በአሥራ አምስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ፣

"ራኬብ" አለች። "ጀልባዋ ባዶዋን ነው የመጣችው አይደል?"