የማላውቀው መስኮት

ውድ ትህትና፣

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። አንቺ "አሶሳ ሲዘንብ ሰው ከራሱ ጋር እንኳ ማውራት አይችልም" ትይ የነበረው ዓይነት ዝናብ ነው። መብራትም ስለጠፋ ሥራ የለም፤ ስለዚህ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። አባቴ ከጎኔ አለ። ለማን እንደምጽፍ ስነግረው "ሰላም በለው" አለኝ። ከእኔ ጋር በበርታኛ ሲያወራ ቆይቶ የአንቺ ነገር ሲነሳ ወደ አማርኛ ይገባል፤ በአማርኛው ደግሞ አሁንም ወንድ ያደርግሻል።

ከሄድሽ ዓመት አለፈ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ጊዜ አጥቼ አይደለም። ተቀይሜሽ ነበር። አሁን ቅያሜው ስለወጣልኝ፣ ከአንቺ በኋላ እዚህ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ ስትመጪ ክልሉ ራሱ ገና አዲስ ነበር፤ የግማሾቹ ቢሮዎች ቀለም እንኳ በቅጡ አልደረቀም። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ተብሎ የበርታኛ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ክፍል ሲቋቋም መጀመሪያ ከተቀጠሩት አንዱ አባቴ ነው፤ እኔም ኋላ እዚያው ገባሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን በታይፕራይተር ጣቶቹን ያሠለጠነ ሰው ስለሆነ፣ ቋንቋችን በላቲን ፊደል ይጻፍ ሲባል እሱ ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ ያውቅ ነበር። ዓይኑ ቀስ በቀስ እየጠፋ ሲሄድም እጁ አልጠፋበትም። ያስቸገረው ኮምፒዩተሩ ነው። ታይፕራይተር ሰው አይጠይቅም። ኮምፒዩተር ግን በየመሀሉ ትንሽ መስኮት እየከፈተ ይጠይቃል፤ ላስቀምጠው? ልተወው? በቀድሞው ላይ ልጻፍበት? አባቴ መስኮቱን አያየውም፤ ይተይባል፤ የተየበውም የትም አይደርስም።

አንቺ ከኮምቦልቻ ተመድበሽ ስትመጪ ሥራሽ ፕሪንተር መጠገንና ቫይረስ ማጽዳት ነበር። አንድ ቀን ከአባቴ ኋላ ቆመሽ ብዙ አየሽውና ምንም ሳትናገሪ ወጣሽ። ከዚያ ስክሪፕት የምትያትን ነገር ጽፈሽ መጣሽ። ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ ከጀርባ ሆና ትጠብቃለች፣ መስኮት ሲከፈት የትኛው እንደሆነ ትለያለች፣ ከዚያም በተቀዳ ድምፅ ለአባቴ ትነግረዋለች። ድምፁ የእኔ ነው። የዕቃ ክፍሉን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍነን ስንቀዳ እንዴት እንደሳቅን አልረሳውም። "ላስቀምጠው?" የሚለውን በበርታኛ እንዴት እንደምንለው ስንከራከር አባቴ ከውጭ ሰምቶን ኖሮ፣ እህል ወደ ጎተራ ሲገባ የሚባለውን ቃል ተጠቀሙ አለን። "በጎተራ ላስገባው?" ብዬ ቀዳሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ብቻውን መሥራት ቻለ። ከሰዓት በኋላ የጻፈውን አነብለታለሁ፣ ያርማል፣ በቃ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ያለቀው እንደዚያ ነው።

ከዚያ አንቺ "ለፋሲካ አገሬ ደርሼ ልምጣ" ብለሽ ሄድሽ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁሽ፤ ለሻይ የሚሆን ከርከዴ በላስቲክ ቋጥሬ ለእናትሽ ብዬ ሰጠሁሽ። ፋሲካ አለፈ፤ ዳግማዊ ትንሣኤም አለፈ። አንድ ሰኞ በስብሰባ ላይ አቶ ሞላ፣ ኃላፊያችን፣ ከሌላ ጉዳይ ጋር ደርቦ ሥራ መልቀቅሽን ነገረን። ወረቀት ላይ የሆነ ነገር እየጻፍኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም። ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኩት። እሱም "የሚመጣ ከሆነ ይመጣል" አለ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ስምሽን መጥራት አቆምኩ። ማውራት ሲኖርብኝ "ያቺ ልጅ" እል ነበር።

በጥር አዳዲስ ኮምፒዩተሮች መጡ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። አሮጌዎቹ ተሰብስበው ወደ ወረዳዎች ሲላኩ የአባቴም ወደ ካማሺ ሄደ። ስክሪፕቷን በፍሎፒ ገልብጬ በአዲሱ ላይ ጫንኳት። ስከፍታት ምንም ስህተት የሚል ጽሑፍ አላወጣችም። ሠርታለች ብዬ ተውኳት።

በማግስቱ ስብሰባ ገብቼ ስመለስ አባቴ ጎንበስ ብሎ እየተየበ ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን ሥዕል ብቻ ነው ያለው፤ የተከፈተ ፋይል የለም። በኋላ እንደገባኝ፣ እጁ ሳያውቅ መዝጊያውን ነክቶ ነበር። "ላስቀምጠው?" የሚለው መስኮት ተከፈተ፤ ስክሪፕቷ አልተናገረችም፤ እሱም ቀጥሎ የመታት ፊደል በእንግሊዝኛ "አይሆንም" የሚለው ቃል የሚጀምርባት ፊደል ሆነች። ኮምፒዩተሩ መልስ መሰለውና ከጠዋት ጀምሮ የጻፈውን ሁሉ ጥሎ ዘጋው። አባቴ ከዚያ በኋላም ለመጽሐፉ የሚገባውን የሽማግሌዎች ተረት እስከ መጨረሻው ተየበ። ተረቱ አልቆ ሁለተኛውን ጀምሮ ነበር። እንዴት ብዬ እንደምነግረው ጠፍቶኝ ከኋላው ቆምኩ። መቆሜን አውቆ "አንብቢልኝ" አለኝ።

ነገርኩት። እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ በአማርኛ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአየሩ እንደሚናገር፣ "ትህትና ሄደ፤ ፕሮግራሙም ሄደ" አለ።

ወሬው አቶ ሞላ ዘንድ ደረሰ። አቶ ሞላ ክፉ ሰው አይደለም፤ ታውቂዋለሽ። ወንበር ስቦ አባቴ አጠገብ ተቀመጠና በጣም በአክብሮት፣ "ጋሽ አልአሚን፣ ብዙ ለፍተዋል። አሁን ጡረታዎን አስከብረን ቢያርፉስ? የአራተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ሌሎች ይጨርሱታል" አለው።

አባቴ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። "እኔ አልደከመም፣ አቶ ሞላ" አለ። "ኮምፒዩተር ነው የደከመ። እሱ ጡረታ ይውጣ።"

አቶ ሞላ ፈገግ አለ። እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት እስኪሄድ ጊዜ ሰጠን። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው እንደሚመድብ ግልጽ አደረገ። አባቴ ቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። እናቴ ከሞተች ወዲህ በእግሩ ያቆመው ይህ ሥራ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ስክሪፕትሽን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ስትሠሪ አጠገብሽ ተቀምጬ ያየሁትን ያህል ብቻ ነው የማውቀው። ግን መጀመሪያው ላይ ያለውን ቶሎ አገኘሁት። ስክሪፕቷ ስትነሳ አስቀድማ ኮምፒዩተሩን "አንተ የትኛው ዊንዶውስ ነህ?" ትለዋለች። ከምታውቃቸው ከሁለቱ አሮጌዎች አንዱ ከሆነ ትቀጥላለች። ሌላ መልስ ከሰማች ትወጣለች። ምንም ሳትል ትወጣለች። አዲሱ ኮምፒዩተር ደግሞ የማታውቀው ነበር። ያን መስመር ሳነብ ቆየሁ። ተናድጄ ነበር፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ይቺም እንደ እመቤቷ ናት አልኩ በሆዴ።

የአዲሱን ስም በሦስተኛ መስመር ጨመርኩ። አልሠራም። እኔ የጻፍኩት ስምና ኮምፒዩተሩ ራሱን የሚጠራበት ስም አንድ አልነበረም። የሚመልሰውን ቃል ስክሪኑ ላይ እንዲያሳየኝ አድርጌ፣ ፊደል በፊደል ገልብጬ ስጽፈው ድምፄ ከስፒከሩ ወጣ። አባቴ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ደስታው ግን አልቆየም። በአሮጌው ላይ እያንዳንዱ መስኮት አናቱ ላይ የራሱ ርዕስ ነበረው፤ አንቺም የምትለዪያቸው በርዕሳቸው ነበር። በአዲሱ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ርዕስ ነው ያላቸው። ስለዚህ ስክሪፕቷ ምንም ይከፈት ምን "በጎተራ ላስገባው?" ትላለች። አባቴ አዲሱን ምዕራፍ ሲያስቀምጥ ኮምፒዩተሩ "በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፤ ልተካው?" ብሎ ጠየቀው፤ እሱ የሰማው ግን "በጎተራ ላስገባው?" የሚለውን ነው። አዎ አለ። የቀድሞው ምዕራፍ ጠፋ። በፍሎፒ ስለነበረኝ መለስኩት፤ ግን በጣም ደነገጥኩ። ዝም ስትል ቢያንስ አባቴ ይጠነቀቃል። አሁን ያሳሳተው የልጁ ድምፅ ነው።

ብዙ ሞከርኩ። በሚከፈቱበት ቅደም ተከተል ልለያቸው አልኩ፤ ባላቸው ቁልፍ ብዛት ልለያቸው አልኩ፤ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። አባቴ ማስቀመጥ ባለበት ቁጥር እጁን አንስቶ እኔን ይጠብቅ ጀመር። አቶ ሞላም በበሩ ሲያልፍ ይህን ያያል።

በመጨረሻ ሰጥተሽኝ የነበረውን የጎረቤታችሁን ስልክ ደወልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የደወልኩት ለስክሪፕቷ ብቻ አልነበረም፤ ልናገርሽ አስቤ፣ ቃላቱን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር። ሴትየዋ ሰው ላከችና የመጣው ወንድምሽ ያብስራ ሆነ። መጀመሪያ ችግሩን ነገርኩት፤ እየደገመልኝ በደንብ ያዘው። ከዚያ "እሷስ? ለምን አልመጣችም?" አልኩት። ድምፄ ደህና እንዳልነበር አውቃለሁ።

"ትህትና ከእናታችን አትለይም" አለኝ። "እማዬ ኩላሊቷን ከታመመች ዓመት አለፋት። ሥራዋንም የለቀቀችው ለእሷ ብላ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገረችንም?"

"እኔም ጠይቄያታለሁ። ከነገርኳቸው ይጠብቁኛል፤ መመለስ አልችልም ነው የምትለው።"

ያዘጋጀሁትን ቃል ሁሉ ተውኩት። እናትሽን አላህ ያሽርልን፣ ይማርልን ብዬ ዘጋሁት። ቢሮ ተመልሼ ለአባቴ ስነግረው መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ ከኪሱ አውጥቶ መቁጠር ጀመረ፤ ለማን እንደሚጸልይ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ የቢሮው ስልክ ጮኸ፤ ያብስራ ነበር። "ንገራት ብላኛለች" አለ። "ርዕሱን ትተወው። መስኮቱ ውስጥ የተጻፈውን ታንብብ። ይኸው ነው ያለችኝ።"

ይኸው ነበር። ምን ያህል እንደቀለለኝ አታውቂም። ስለ ሥራው ብቻ አይደለም። እናትሽ አጠገብ ተቀምጠሽ ስለ እኛ መስኮት ማሰብሽ ነው። ስክሪፕቷ ከርዕሱ አልፋ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ እንድታይ አደረግሁ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን ድምፅ ሰጠሁት፤ የጎደሉትን ቀዳሁ።

ከዚያ አባቴ አንድ ነገር ጠየቀኝ። "የማታውቀው መስኮት ሲከፈትስ ምን ትላለች?" አለ። ምንም አትልም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። "አታውቅም ብሎ ማን ይቆጣታል? አላውቅም ትበል" አለኝ።

ብርድ ልብሱን ይዤ ብቻዬን ዕቃ ክፍል ገባሁ። "የማላውቀው መስኮት ተከፍቷል። ምንም አትንካ። ልጅህን ማሪያምን ጥራ" ብዬ በበርታኛ ቀዳሁ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ያልለመደውን ነገር ባመጣ ቁጥር አባቴ ከወዲያ "ማሪያም፣ አላውቅም አለች!" ይለኛል፣ እየሳቀ። አሁንም ጉድለት አላት፤ የፕሪንተሩ ወረቀት ሲያልቅ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ትናገራለች፤ ምክንያቱን አላገኘሁትም።

ረቂቁ በጊዜው ሄደ። አቶ ሞላ በመጨረሻው ቀን መጥቶ አባቴ ሲሠራ ተመለከተ፤ ከዚያ በእሱ ቦታ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረ። በርታኛ ስለማይችል ድምፄ ሲናገር ግራ ገብቶት ዓይኑን ገለጠ። ለአምስተኛ ክፍሉ መጽሐፍ ሰው ሲመደብ የአባቴ ስም መጀመሪያ ላይ ነበር። ስለ ጡረታ ደግሞ ያነሳ የለም።

ትህትና፣ የተቀየምኩሽ ስለሄድሽ አልነበረም። ሳትነግሪን ስለሄድሽ ነው። እንዳንጠብቅሽ ብለሽ ከሆነ ግን አልተሳካልሽም፤ አባቴ በዚህኛውም ፋሲካ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠይቋል። ብትነግሪንም እንጠብቅሽ ነበር፤ ብትቀሪ ደግሞ ምን ይመጣ ነበር? እናትሽን እየጠየቅን፣ እየደወልን እንቆይ ነበር እንጂ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። ዓርብ ዓርብ አባቴ ከጁምዓ ሲመለስ በጎረቤትሽ ስልክ እንደውላለን። መምጣት ካልቻልሽ ያብስራ ይምጣ። መምጣት ከቻልሽ ግን ደህና ነኝ ማለት አይጠበቅብሽም። እናትሽ የባሰባት ቀን ባሰባት በይን። የምትይው የሌለሽ ቀንም ስልኩን አንሺና የምለው የለኝም በይን፤ እኛ እናወራለን፣ አንቺ ትሰሚያለሽ። አባቴ አሁንም ከጎኔ ሆኖ "በለው፣ ብዙ ወሬ አለ" እያለኝ ነው።

ከአሶሳ፣
ዓርብን የምትጠብቅ እህትሽ
ማሪያም አልአሚን