ፖስተኛውን ሁለት ጊዜ መረጥነው

አባዬ፣

ካየሁህ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። ከሞትክ ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን ስቆጥር ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። ለሌላው ሰው የሞትክበት ቀንና ለእኔ የሞትክበት ቀን በሦስት ሳምንት ይለያያሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም በነዚያ ሦስት ሳምንታት ምክንያት ነው። ናፍቆቴን ለመንገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አልቆይም ነበር። ተቀይሜሃለሁ፣ አባዬ።

የፍራንክፈርቱ ቤታችን ያው ነው። እናቴ አሁንም ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የጠዋት ሽፍት ትሠራለች። ከበሩ ጀርባ የሰቀልከውን የሥራ ጃኬትህን ባለፈው ክረምት አጥባ ለራሷ አደረገችው፤ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ ትለብሰዋለች። እኔ ቬስትኤንድ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ያ ሁሉ የተደበቀኝ ለዚህ አይደል? ይኸው ገባሁልህ።

መጽሐፉም አለ። ከማይን ወንዝ ዳር፣ ከቅዳሜው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከፍሎማርክት የገዛኸው፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈው የክሪኬት ተጫዋቾች መጽሐፍ። ጀርመኖቹ ጎረቤቶቻችን ክሪኬት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ሐበሾቹ ደግሞ ጭራሽ ይስቁብን ነበር። አንተ ግን ናዝሬት ተማሪ ሳለህ ህንዳዊው የሒሳብ አስተማሪህ ከጣውላ በጠረበው ዱላ ያስተማረህን ጨዋታ እስከ መጨረሻው አልተውከውም። እሁድ እሁድ ምሳ ከተነሳ በኋላ መጽሐፉን ዘርግተን፣ አንዴ አንተ አንዴ እኔ እየመረጥን፣ የራሳችንን አሥራ አንድ ሰው እናሰልፍ ነበር። ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። ለአገሩ አንዴ ወይ ሁለቴ ተሰልፎ ከዚያ ወዲያ ማንም ያላስታወሰው ሰው ብቻ ይገባል፤ ሙሉ ገጽ ፎቶ የወጣለት ሰው አይገባም። ስማቸው ለምላሳችን ስለሚያስቸግር ቅጽል ስም አወጣንላቸው። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው አንድ ጨዋታ በዝናብ የተቋረጠበትን ሰውዬ “ዝናቡ” አልነው። “ፖስተኛው” ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሰልፎ ሲቀነስ ደብዳቤ ወደማደሉ የተመለሰው ነው። መቀነሱን ያወቀው እሱ ራሱ ለሰው ባደለው ጋዜጣ ላይ ስሙን ሲያጣ ነበር። እሱ ጋ ስትደርስ ድምፅህ ይለወጣል። አንድ ሰው እንኳ ፊት ለፊት ደፍሮ አይነግረውም? እያልክ የራስህ ዘመድ የተበደለ ያህል ትናደድ ነበር።

አቢቱር፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናዬ፣ ሲቃረብ የወንድምህን የመሬት ጉዳይ ልጨርስ ብለህ አገር ቤት ሄድክ። ሰባት ሰው መርጠን አራት ቀርቶን ነበር። ሃያ ዓመት ሻንጣ በጫንክበት ፍሉግሃፈን ቆመን አቀፍከኝና፣ ስመለስ እንጨርሰዋለን አልከኝ። ከስተህ ነበር። ምነው ስልህ ጾም ነው አልከኝ።

ያለህበት ገጠር ኔትወርክ የለውም ተባልኩ። ምርጫዬን ለእናቴ እነግራታለሁ፤ እሷ ደግሞ፣ ትምህርት ቤት ሳለሽ ከከተማ ደውሎ ነበር እያለች፣ ያንተን ወረቀት ላይ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ትለጥፍልኛለች። ስምንተኛው የእኔ ተራ ነበር፤ ፖስተኛውን መረጥኩ። በሳምንቱ ያንተ ምርጫ ተለጠፈ። እሱም ፖስተኛው! ሳቄ መጣ። አባዬ ጃጅቷል፣ እሱን እኮ እኔ ወስጄዋለሁ፣ ሌላ ይምረጥ በይልኝ አልኳት። እሺ ብላ መታጠቢያ ቤት ገባችና ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። አለርጂ ነው አለችኝ። በግንቦት ግማሹ ፍራንክፈርት ስለሚያስነጥስ አመንኳት።

በማግስቱ ሌላ ስም ተለጠፈ፤ ደህና ምርጫ ነበር። አሥረኛውን እኔ መረጥኩ። አሥራ አንደኛው ሲመጣ ግን ሙሉ ገጽ ፎቶ ያለው ሰው ሆነ፤ መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ዝነኛው። በጣም ተናደድኩብህ። የራሱን ሕግ አፈረሰ፣ ሰልችቼዋለሁ ማለት ነው አልኩ። የመጨረሻውን የቃል ፈተና የተፈተንኩት አንተን እንዳኮረፍኩ ነው። ከተቀበረ ሰው ጋር ተኳርፌ ነበር፣ አባዬ።

በፈተናው ማግስት፣ በማለዳ በራችን ተንኳኳ። የእድራችን ሰዎች ሳሎኑን ሞሉት። እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ የመጡ መሰለኝ። በፒጃማዬ ወጥቼ እየሳቅኩ አንድ በአንድ ሳምኳቸው፣ ወንበርም አመጣሁላቸው። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። እናቴ ጥቁር ለብሳ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ነው የገባኝ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ፈተና ላለበት ልጅ እንደማይነገርም አውቃለሁ፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እናቴና ወንድምህ የዶለቱት መስሎኝ በነሱ ነበር የተቆጣሁት። ከአርባህ በኋላ ግን መጽሐፉን ሳነሳ ከሽፋኑ ሥር ያንተን ጽሕፈት አገኘሁ። ሁለት ስም ብቻ። ፖስተኛው፣ ቀጥሎ በማግስቱ የተለጠፈው ሰው። ከሥሩ፣ “ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ” ይላል። እናቴን ጠየቅኳት። ሐኪሙ እንደማትድን ከነገረህ ወራት አልፎ ነበር፤ የመሬቱ ጉዳይ ሰበብ ነበር። ፍሉግሃፈን ስታቅፈኝ ወረቀቱ እናቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ስመለስ ስትለኝ እንደማትመለስ ታውቅ ነበር።

ሦስተኛ ስም አልተውክላትም። ስለዚህ አሥራ አንደኛውን እናቴ መረጠችው። ስለ ክሪኬት ምንም የማታውቅ ሴት፣ ባሏ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት ያንን መጽሐፍ ብቻዋን ገልጣ፣ ፎቶው ትልቅ የሆነውን ሰው ጻፈችልኝ። እኔ እንዳልጠረጥር ብላ ቀብርህ ላይ አልተገኘችም። ዩኒፎርሟን ለብሳ ሥራ ትሄድ ነበር፤ ያለቀሰችልህ ኤስባን ባቡር ውስጥ ነው። እኔን ብቻ አይደለም የበደልከው።

ሳንነጋገር አንድ ሰው መምረጣችን መጀመሪያ ያስለቅሰኝ ነበር። አሁን ያናድደኛል። ልቤን እስከዚህ የምታውቅ ሰው፣ ብትነግረኝ እንደምችለው እንዴት አላወቅክም? ፖስተኛው የራሱን ነገር ከወረቀት ላይ አወቀ ብለህ ስትቆጣለት ኖርክ። እኔም ያወቅኩት ከወረቀት ላይ ነው፤ ያውም በአንተው እጅ ከተጻፈ።

ባለፈው ሳምንት ፈተና ልገባ ካምፓስ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ እናቴ ደወለችልኝ። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝተውባታል። ሐሙስ የሐኪም ቴርሚን አለኝ፣ ከፈተናሽ በፊት ልንገርሽ ብዬ ነው፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ? አለችኝ። ፈርታ ነበር፤ ግን ነገረችኝ። ገብቼ ተፈተንኩ። ምንም አልሆንኩም። ሐሙስ እጇን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ውጤቱ ገና አልመጣም። ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። ቢያንስ ሁለታችንም እኩል ነው የማናውቀው።

እናቴ የመረጠችውን ሰው ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ሕግህ ይፍረስ። ቡድናችንን የሞላችው እሷ ናት።

አልረሳህም። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ አስብሃለሁ፤ አንዴ በሞትክበት ቀን ከሰው ሁሉ ጋር፣ አንዴ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቻዬን።

ልጅህ