ነፋስ የደባለቀው በቆሎ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ያ የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ሕፃኗስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። እማማ ደህና ናት፤ አባባም ደህና ነው፣ ብቻ ዝምታ አብዝቷል። «ደብዳቤሽ ሐሜት ብቻ ነው» ትለኝ የለ? ዛሬ የማማው ራሴን ነው።

አምና ያመረትነውን በቆሎ ለዘር ማኅበሩ ልናስረክብ ስንሄድ፣ ባለሙያዋ ጥቂት ፍሬ ፈጭታ በውሃ በጠበጠችና ቀጭን ወረቀት ነከረችበት። ሁለት ቀይ መስመር ወጣ። ንጹሕ ቢሆን አንድ ብቻ ነበር የሚወጣው። የጎረቤታችን የባለ ትራክተሩ በቆሎ፣ ያ ዘረ መሉ በቤተ ሙከራ ተለውጦ ተባይ የማይደፍረው፣ ከእኛው ጋር ተዳቅሏል አለችን። እጄን በአፌ ጫንኩ። ፍሬውን ባገላብጠው ባገላብጠው ያው የአባባ ነጭ በቆሎ ነው! ማኅበሩ ግን ለዘር አይሆንም ብሎ መለሰን።

አባባ ከሰሰ። በሕጉ እንዲህ ያለ በቆሎ የሚዘራ ሰው ቀኑን ለጎረቤቱ አስቀድሞ መንገር፣ መሃል ላይም ሁለት መቶ እርምጃ መተው አለበት። ባለ ትራክተሩ የተወው መቶ ስልሳ ሆኖ ተገኘ። «ቀኑን ግን ለልጅህ ነግሬያታለሁ» ቢል፣ አባባ «ልጄ ብትሰማ ትነግረኝ ነበር» ብሎ ተከራከረልኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ዳኛው ማሳውን በዓይኔ ካላየሁ አልፈርድም ብለው በማለዳ መጡ። የእኛ መሬት ዘንድሮ ጦሙን አድሯል፤ የእሱ አብቧል። ፀሐይ ከበስተጀርባው ወጣ ስትል ነፋስ ነካ አደረገው። ወንድሜ፣ ምን ብዬ ልንገርህ! ከየአገዳው ጫፍ ቢጫ ብናኝ ተነሥቶ፣ ከወንፊት እንደሚወርድ ዱቄት በብርሃኑ ውስጥ እየተንሳፈፈ፣ አጥሩን ተሻግሮ ሄደ፣ ሄደ፣ አያልቅም። ዕድሜዬን ሙሉ በቆሎ መሃል ኖሬ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። የዳኛው ጥቁር ካፖርት ቢጫ ሆነ። ትከሻቸውን ዓይተው «ነፋስ አይከሰስም፣ ሰው ግን ይጠየቃል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ነግሮሻል?»

ነግሮኛል። አምና «ሰኞ እዘራለሁ፤ አበባችን እንዳይገጥም እናንተ ሦስት ሳምንት ቆዩ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ለአባባ ሳልነግረው፣ የሰውዬው ትራክተር እዚሁ እያለ ብዬ ለምኜ አሳረስኩና በዚያው ሳምንት ዘራሁ። ዝም ብል እናሸንፋለን። ያን ብናኝ ካየሁ በኋላ ግን መዋሸት አስፈራኝ፤ አዎ አልኩ።

ዳኛው ጥፋቱን ለሁለት ከፈሉት፤ የካሳውን ግማሽ አገኘን። ካሳ ግን አይበቅልም። ከአባባ አያት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ዘር ሁሉ ተደባልቋል፤ ከካቻምና የተረፈችውንም ነቀዝ ፈጅቷታል። አባባ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የላክኸውን ፎቶ ትናንት ሳይ ከምድጃችሁ በላይ የተሰቀለችውን የበቆሎ ዛላ አየኋት። ስትሄድ እማማ ሻንጣህ ውስጥ የከተተችልህ ናት አይደል? ከመደባለቁ በፊት የተለቀመች! ብቻዬን ጮህኩ። በሞትኩት፣ አውርዳት። አንዲት ፍሬ ሳትነቅል በጨርቅ ጠቅልለህ ላካት።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ግድግዳዋን ላራቁትባት ነውና ይቅርታ ጠይቅልኝ። ሕፃኗን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እማማ አገላብጣ ስማሃለች። አባባ ይህን መጻፌን አያውቅም። ዛላዋን መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት፣ ያኔ ዓይኑን ቀና ብዬ አያለሁ።

እኅትህ

ከአባትህ ቤት፣ በቆሎ ባበበ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ