አንቺ ያላወጣሽው ስም

አስኩዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እዚህ በስደት አገር፣ ሴንት አልባንስ ያለው ቤታችን እንደተውሽው ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል። የተከልሽው ጤና አዳም አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ገብቷል። ጓዳሽን አስተካክላለሁ ብዬ ዕቃውን ሁሉ ቦታ አቀያየርኩትና አሁን ጨው እንኳ ፈልጌ አጣለሁ። ሳቂብኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን አንድ ነገር ስላጠፋሁ ነው፤ የምነግረው ሰው የለኝም።

ባለፈው ዓመት ልጃችን ሜሮን ከመምህራን ባልደረቦቿ ጋር ደቡብ አሜሪካ ልትሄድ ተነሣች። ጓራኒ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ባህላቸውንና ቋንቋቸውን ለልጆቻቸው እንዴት እንደሚያስተምሩ ለማየት ነው። እኔን ቤት ተቀምጠህ ታልቃለህ አለችኝና፣ «ለአንተም ቡክ አድርጌያለሁ» ብላ ነገሩን ጨረሰችው።

መንደራቸው አርጀንቲና ጫፍ ላይ፣ ጫካ መሐል ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ጫማዬ እስከ ዛሬ አልጠራም። ቅል ውስጥ ቅጠል ጨምረው፣ ሙቅ ውኃ እያፈሰሱበት በአንድ መምጠጫ ለሁላችን አዞሩልን። አንቺ ብትሆኚ መምጠጫውን በነጠላሽ ጫፍ ሳትጠርጊ አትቀምሺም ነበር። ከዚያ ልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ ዘመሩልን። ሜሮን ስታለቅስ አየሁ፤ ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ልጅቷ አፍ ስትፈታ በዛይኛ ነበር የምታናግሪያት፣ በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ባደግሽበት ቋንቋ። አታደናግሪያት፣ መጀመሪያ አማርኛውን ትልመድ ያልኩሽ እኔ ነኝ። አልተከራከርሽኝም። አማርኛውም አልሆነላት፤ በአማርኛ ስንጠይቃት በእንግሊዝኛ እየመለሰችልን አደገች። ከዛይኛው አንድ ስም ብቻ አስቀረሽላት። ገላዋን ስታጥቢያት፣ በሩን ዘግተሽ የምትጠሪያትን። እኔ ፎጣ ይዤ ከበሩ ውጪ እሰማው ነበር። ራሷን መታጠብ ስትጀምር ስሙም ቀረ። አንቺ በሕይወት ሳለሽ ስሙን ሳትጠይቅሽ በመቅረቷ ስትጸጸት ትኖራለች።

በዚያ መንደር ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ ለመታወቂያ ወረቀት ነው። ሌላው ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ሲጀምር የጸሎት አባታቸው ብዙ ጸልየው የሚነግሯቸው ነው፤ ስሙ ነፍሱ ነው ይላሉ። አንዲት አሮጊት ሜሮንን ሌላው ስምሽ ማን ነው ብለው ጠየቋት። እናቴ በቋንቋዋ የምትጠራኝ ስም ነበረ፣ እኔ ረስቼዋለሁ፣ አባቴ ግን ያውቀዋል አለቻቸው። ጥያቄው ከጓራኒ ወደ ስፓኒሽ፣ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ ዞሮ፣ በመጨረሻ በሜሮን የተሰባበረ አማርኛ እኔ ዘንድ ደረሰ። «አባዬ፣ ማሚ ምን ነበር የምትለኝ?»

አስኩዬ፣ ጠፋኝ። ድምፅሽ ይሰማኛል፣ የውኃው መንቦጫረቅ ይሰማኛል፣ ስሙ ግን የለም። አሮጊቷ ይጠብቃሉ፣ ልጆቹ ይጠብቃሉ። የክርስትና ስሟን ልናገር አልኩና እሱንማ እንደምታውቀው ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ፣ ከእናትሽ ጋር በስልክ ስታወሪ ደጋግመሽ የምትዪው አንድ ቃል አፌ ላይ መጣ። እሱን አልኩ። ፍቺውን አላውቀውም፤ ዓሣ ይሁን፣ እርግማን ይሁን። አሮጊቷ ቀስ ብለው ደገሙት፣ ልጆቹም ተከተሏቸው። ሜሮን ደብተሯ ላይ ጽፋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

አውሮፕላኑ ላይ ልነግራት ነበር፤ ተኛች። ቤት ስንደርስ ልነግራት ነበር፤ ደስታዋን አይቼ ፈራሁ። ለእህትሽ ልጅ ደወልኩለት። «ጋሼ፣ እኔ ኦሮምኛና አማርኛ ነው የማውቀው፤ ያንን የሚያውቁት አያቴ ነበሩ» አለኝ። ዛይኛ የሚችል ሰው ፈልጌ አላጣም፤ እኔ ያልኩትን ቃል ይፈታልኝ ይሆናል። አንቺ በር ዘግተሽ ያልሽውን ግን ከሜሮንና ከእኔ በቀር የሰማ የለም።

አሁን ሜሮን ነፍሰ ጡር ናት። በመጪው ወር ሴት ልጅ ትወልዳለች። የልጅቷን ስም መቼም ገምተሽዋል። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው እያለች ላገኘችው ሁሉ ትናገራለች።

ባለፈው ቅዳሜ ፉትስክሬይ ላይ ባቡር ቀይሬ ሆፐርስ ክሮሲንግ ቤቷ ሄድኩ። ቆርጬ ነበር፤ የምላትን መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ከእንጨት የተቆረጡ ፊደላት ታቅፋ ነው። የእኛው ፊደል። የሕፃኗ ክፍል ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ነው፤ የትኛው እንደሚቀድም አላውቅም፣ አንተ ለጥፈው አለችኝ። ሆዷ ገፍቷል፣ ወንበር ላይ አትወጣም። እኔ ወጣሁ፤ እሷ ከታች ታቀብለኛለች። ሁለቱን ለጠፍኩና ሦስተኛውን ይዤ ቆምኩ። ጠመመ እንዴ አባዬ አለችኝ። አልጠመመም አልኳት። ለጠፍኩት።

መቃብርሽ ላይ አንድም ነገርሽን አልረሳም ብዬ ምዬልሽ ነበር። መሐላዬን አየሽው። ይቅር በዪኝ፤ ያን ጊዜ ዝም ስላሰኘሁሽም፣ አሁን ያላልሽውን አለች ብዬ ስለዋሸሁም። ሕፃኗን በሚያጥቡበት ቀን ፎጣ ይዤ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። ከውኃው ድምፅ ጋር ይመለስልኝ ይሆናል። ካልተመለሰም፣ የልጅ ልጅሽን በጠራኋት ቁጥር ይህ አንቺ ያወጣሽው ስም እንዳልሆነ አስታውሳለሁ። ከእኔ ሌላ የሚያስታውሰው የለም።

ባልሽ ተሾመ